ኤችሲ-ኤስአር501፦ ከዋጋው በላይ የሚሠራ የእንቅስቃሴ ዳሳሽ

የኮሪደር መብራት ሰው ሲያልፍ ብቻ እንዲበራ ለሚፈልግ፣ ኤችሲ-ኤስአር501 የተባለችው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ከዋጋዋ በላይ ታገለግላለች። ከነጩ የፕላስቲክ ሌንስ ሥር ያለው ዳሳሽ ሙቀቱ በተለወጠ ቁጥር በገጹ ላይ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚፈጥር ቁስ ይዟል። ይህ ቁስ ለሁለት ተከፍሎ በተቃራኒ አቅጣጫ የተያያዘ በመሆኑ፣ ክፍሉ በአጠቃላይ ቀስ እያለ ሲሞቅ የሁለቱ ምልክት እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ሰው ሲያልፍ ግን ወደ 10 ማይክሮሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው የሰውነቱ የሙቀት ጨረር መጀመሪያ በአንዱ፣ ቀጥሎ በሌላው ላይ ስለሚያርፍ ልዩነት ይፈጠራል፣ መብራቱም ይበራል።

ጉድለቷም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ዝም ብሎ የተቀመጠን ሰው አታየውም፤ ስለዚህ ለንባብ ክፍል አልመክራትም። ፊት ለፊት ከሚመጣ ይልቅ በአግድም የሚያልፈውን በተሻለ ስለምትለይ፣ በኮሪደሩ ጫፍ ሳይሆን በጎን ግድግዳ ላይ መትከል ይበጃል። በመስኮት መስታወት ውስጥም አታይም።

ከሁለቱ መዞሪያዎች አንዱ ርቀቱን እስከ 7 ሜትር፣ ሌላው የመብራቱን ቆይታ ከጥቂት ሰከንዶች እስከ 5 ደቂቃ ያስተካክላል። የሽቦ መግቢያዎቹ ስም ሌንሱ ሥር መታተሙ ግን ያናድዳል፤ ሌንሱን ሳይነቅሉ ማንበብ አይቻልም። ኃይል ባገኘች በመጀመሪያው ደቂቃ ያለምክንያት ልታበራ ስለምትችል ታግሶ መጠበቅ ያስፈልጋል። የምትሰጠው ምልክት 3.3 ቮልት ብቻ በመሆኑ አምፖሉን በቀጥታ አታበራም፤ ሪሌይ (በትንሽ ምልክት ትልቅ ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ለብቻው መግዛት ግድ ነው።