ቢቲ878 ካርድ፦ ለቲቪ ሳይሆን ለካፕሽን

ከመጀመሪያው ልናገር። ይህቺን ካርድ ቴሌቪዥን ለማየት የሚገዛት ሰው ገንዘቡን ይዞ ቢቀመጥ ይሻለዋል። የአናሎግ ስርጭት በብዙ አገር ቆሟል። አሜሪካ ውስጥ እንኳ ትልልቆቹ ጣቢያዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ዘግተውታል። ስለዚህ ቲዩነሯ (ጣቢያ መያዣዋ) ዛሬ ጌጥ ነው። እኔ የያዝኳት ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፦ የቪኤችኤስ ካሴቶችን ከነካፕሽናቸው (ንግግሩን በጽሑፍ ከሚያሳየው ጋር) ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ። ለዚህ ሥራ ደግሞ አንጀት ታርሳለች።

የገዛሁት ያገለገለች ነው። አሮጌ የፒሲአይ ካርድ ናት። መሐሏ ላይ ቢቲ878 የሚል ቺፕ ተቀምጧል። የአንቴና መሰኪያ፣ የኮምፖዚትና የኤስ-ቪዲዮ መግቢያ አላት። የሠራት ማን ይሁን ማን ለውጥ የለውም፤ ሊኑክስ ላይ ሁሉንም የሚነዳቸው ቢቲቲቪ የሚባለው ድራይቨር ነው።

ካፕሽን ለምን እንዲህ አንገበገበኝ? ታላቅ እህቴ መስማት የተሳናት ናት። ካሴቶቹን ያጠራቀመችው እሷ ናት፣ ሁሉንም ያየችው እያነበበች ነው። ጽሑፉ ከቀረ ለእሷ ካሴቱ የለም ማለት ነው።

በድሮው የኤንቲኤስሲ (የአሜሪካው አናሎግ ቲቪ) ሲግናል ካፕሽኑ ከምስሉ ጋር አይሳልም። ምስሉ ከመጀመሩ በፊት ባለው ስውር ቦታ፣ 21ኛው መስመር ላይ ተጭኖ ይመጣል። በእያንዳንዱ ፊልድ (የአንድ ምስል ግማሽ) 2 ባይት ብቻ። ዝግ ያለ ሲግናል ስለሆነ ቪኤችኤስ ላይ ሳይጠፋ ይቀመጣል። ችግሩ ያለው ገልባጩ ጋ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ የዩኤስቢ መቅጃዎች ምስሉን ብቻ ወስደው ያንን መስመር ይጥሉታል። ኤችዲኤምአይ ደግሞ ካፕሽን የሚባል ነገር ጭራሽ አያስተላልፍም። ስለዚህ የቱንም ያህል ውድ የኤችዲኤምአይ ካርድ ብትገዙ ከዚህ ካሴት ፊደል አይወጣም፣ ማጫወቻው ራሱ ምስሉ ላይ ካልጻፈው በቀር።

ይህቺ ግን መስመሩን ሳታጣራ፣ ሳትመርጥ፣ እንዳለ ታቀብላለች። እያንዳንዱ መስመር 2048 ባይት ሆኖ፣ ከሁለቱም ፊልድ 16፣ 16 መስመር፣ በጠቅላላው 65536 ባይት በየፍሬሙ ይመጣል። ይህን በማዕበል መልክ ስትስሉት ያምራል፦ መጀመሪያ ሰባት እኩል ጉብታ፣ ከዚያ አጭር ዝምታ፣ ከዚያ ቢቶቹ። ጉብታዎቹ ጥርት ብለው ከታዩ ካርዱም ካሴቱም ደህና ናቸው። ከተንሻፈፉ የካሴት ማጫወቻችሁን ትራኪንግ አስተካክሉ። ካፕሽኑ መሐል ነጭ አራት ማዕዘን የሚበዛባችሁም ለዚሁ ነው፤ የስህተት መፈተሻ ቢቱ ያልተስማማለት ፊደል በዚያ ይተካል።

እንግዲህ ወደ ከርነሉ፣ ድራይቨሮቹን ወደያዘው የሊኑክስ እምብርት፣ እንምጣ። አፕዴት አደረግኩ፣ ኮምፒውተሩ ተነሳ፣ ምስሉም ድምፁም ደህና። ካፕሽኑ ግን አበደ። አንዳንዱ ይዘላል፣ አንዳንዱ ዘግይቶ ይመጣል። እህቴ ትንሽ አየችና «የሚያወራው ሰውየው፣ ጽሑፉ የሴትየዋ» ብላ በምልክት ነገረችኝ። ከዚያ የተሻለ የብልሽት ሪፖርት አላየሁም።

በዚህ ጊዜ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ካርዱን ነው። አሮጌ ነዋ። አትቸኩሉ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሚመጣው ግራብ ሜኑ የድሮውን ከርነል ምረጡና ያንኑ ካሴት አጫውቱ። በድሮው ከሠራ ካርዱ ንጹሕ ነው። ዴቭ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ቪቢአይ0 የሚባለው ፋይል መኖሩን (ቪቢአይ ያ ስውር ቦታ ነው)፣ እናንተም ቪዲዮ በሚባለው ግሩፕ ውስጥ መሆናችሁን እዩ። ስታንዳርዱም ኤንቲኤስሲ ላይ መሆን አለበት፤ ፓል (የአውሮፓው) ላይ ከሆነ 21ኛውን መስመር በቦታው አታገኙትም። የእኔ ሁሉም ደህና ነበር።

ነገሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ቢቲቲቪ ለብዙ ዓመት ቪዲዮበፍ በሚባል አሮጌ የበፈር (የዳታ ማቆያ) አሠራር ነበር የሚሄደው። በከርነል 6.6፣ እ.ኤ.አ. በ2023፣ ወደ አዲሱ ቪቢ2 ተዛወረ። መዛወሩ ተገቢ ነው፤ አሮጌውን የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። ግን አሮጌው ውስጥ አንዲት ዘዴ ተደብቃ ነበር። ፕሮግራሙ ዳታውን በ«ሪድ» (እንደ ተራ ፋይል) ሲያነብ፣ የ65536ቱ የመጨረሻ 4 ባይት ላይ የፍሬሙ ተራ ቁጥር ይጻፍ ነበር። አሮጌ ፕሮግራሞች ጽሑፉን ከየትኛው ምስል ጋር እንደሚያጋጥሙት የሚያውቁት በዚያ ነው። በዝውውሩ ይህቺ ተረሳች። 4ቱ ባይቶች ተራ የሲግናል ቅንጥብጣቢ ሆኑ፤ የእኔ ፕሮግራም ደግሞ ተራ ቁጥር ነው ብሎ አመናቸው።

ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከቪቢአይ0 ተከታታይ በፈሮችን ወደ ፋይል ቅዱና በሄክስደምፕ (ባይቶችን በቁጥር በሚያሳየው ትእዛዝ) የየበፈሩን ጅራት ተመልከቱ። በድሮው ከርነል ቁጥሩ አንድ አንድ እየጨመረ ይሄዳል። በተበላሸው ግን የሚዘባርቅ ነገር ነው የምታዩት።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ዘዴዋ የተመለሰችበትን ከርነል መጫን። የቢቲቲቪ ጠባቂዎች ጉዳዩን ሲያውቁ በራሱ በድራይቨሩ የ«ሪድ» ክፍል ውስጥ መልሰው ጽፈዋታል። ለዚህ አድናቆቴ ትልቅ ነው፤ ይህን ያህል አሮጌ ካርድ ስንት ሰው ይጠቀማል? ሁለተኛውና የተሻለው ፕሮግራሙን መቀየር ነው። በ«ሪድ» ፈንታ በስትሪሚንግ (በፈሮቹን ከድራይቨሩ ጋር በመቀባበል) የሚያነብ ፕሮግራም ተራ ቁጥሩን ከራሱ ከበፈሩ መረጃ በንጹሕ ያገኛል፣ ጅራት መቁጠር አያስፈልገውም። ዜድቪቢአይ የሚባለው ላይብረሪ እንዲህ ነው የሚሠራው፣ እኔም ወደሱ ዞርኩ። አሁን ሰውየው ሲያወራ የሰውየው ጽሑፍ ይመጣል።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ከአምስት አራት። አንዱን የቆረጥኩት በፒሲአይነቷ ነው። አብዛኞቹ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይ ያ ቀዳዳ የለም፣ ስለዚህ ለእሷ ብላችሁ አሮጌ ኮምፒውተር ማቆየት ግድ ነው። ቦታ ከሌላችሁ በኢኤም28 ቤተሰብ ቺፕ የተሠሩ የዩኤስቢ መቅጃዎችን ፈልጉ። ሊኑክስ ላይ የእነሱ ድራይቨር ቪቢአይ የሚያቀብለው ግን ለአንዳንዶቹ ብቻ ነው፣ ለምሳሌ ለኢኤም2860። ሻጩን ስለ ካፕሽን ብትጠይቁት ግራ ይገባዋልና የቺፑን ስም ብቻ ጠይቁት።