ደሴ ላይ የዲቲዬን ፍሪሲዮን ያሰራሁባት ታፔላ የሌላት ጋራዥ

አሮጌ ሞተር ይዛቹ ምትሰቃዩ ካላቹ ይቺን አንብቡ። የኔዋ ያማሃ ዲቲ 125 ናት፣ ቱ ስትሮኳ፣ ከኔ በፊት ስንት ሰው እንደነዳት አላህ ይወቀው። ምኖረው ኮምቦልቻ ስራዬ ደሴ ስለሆነ በየቀኑ በመሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት መውጣት አለብኝ፣ ሐረጎን ሚያውቅ ያውቀዋል፣ አሮጌ ሞተር ጉዷ ሚወጣው እዛ ነው። ሜዳ ላይ ምንም አትልም ዳገቱ ላይ ግን 4ኛ አስገብቼ ጋዝ ስሰጣት ሞተሩ ይጮሃል፣ እሷ እዛው፣ እንደውም አንድ ቀን ሰው የሞላ ባጃጅ አልፎኝ ሄደ፣ ከውስጥ ያሉት ልጆች ቻው ቻው እያሉኝ።

መጀመሪያ ያሳየሁት መካኒክ (ስሙ ይቅር) ሞተሯን እንኳን ሳያስነሳት "ፍሪሲዮን ጨርሳለች፣ ሙሉ እቃ ግዛ" ብሎ ዋጋ ጠራልኝ፣ ፍሪሲዮን ማለት የሞተሩን ኃይል ወደ ማርሹ ሚያስተላልፈውና ሚለያየው ክፍል ነው። እኔም አስብበታለሁ ብዬ ወጣሁ። ከዛ አንድ የስራ ባልደረባዬ ነው እነዚህ ሽማግሌ መካኒክ ጋ የላከኝ፣ ጋራዥ ልበላት እንጂ አንድ በር ያላት ክፍል ናት፣ ታፔላ የለ ወንበር የለ፣ ቆማቹ ነው ምትጠብቁት።

"ጋሼ ፍሪሲዮን ልቀይር ነው" ስላቸው "አብሽር ልጄ፣ ሳናይ ምን እንቀይራለን" አሉና ራሳቸው ተቀምጠውባት ወጡ። ከፍ ያለ ማርሽ አስገብተው ቀስ ብለው እየሄዱ ድንገት ጋዙን ከፈቱት፣ ድምፁ ጨመረ ፍጥነቱ አልጨመረም፣ በቃ ማንሸራተቱ ተረጋገጠ። ግን አሁንም አልፈቱትም። የፍሪሲዮኑን እጀታ በሁለት ጣት ነካ ነካ አደረጉና "ገመድህ ተወጥሯል" አሉኝ። እጀታው ስሩ ጋ 2 ወይ 3 ሚሊሜትር ያህል ባዶውን መላወስ አለበት፣ የኔ ምንም አልነበረውም፣ እንደዛ ሲሆን እጃችሁን ባታሳርፉበትም ፍሪሲዮኑ ሁሌ ትንሽ እንደተያዘ ነው፣ እያንሸራተተ ራሱን ይጨርሳል። ላላ አደረጉት፣ ለዚህች ብር አልጠየቁኝም። ትንሽ ተሻላት ግን ዳገት ላይ ያው።

ቀጥሎ "ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ውስጥ ምን ዘይት ነው ያረግክባት?" ሲሉኝ ነው ላብ ያሰመጠኝ። ጓደኛዬ ለመኪናው ገዝቶ የተረፈውን ነበር የጨመርኩባት፣ ዘይት ዘይት ነው ብዬ! ዲቲ ላይ 2ቲ ዘይቱ (የቱ ስትሮክ ሞተር ዘይት) ከቤንዚን ጋር ተቃጥሎ ይወጣል፣ የካምቢዮው ለብቻው ነው፣ ፍሪሲዮኑ ደሞ ያው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው ሚሰራው። አንዳንዱ የመኪና ዘይት ነዳጅ እንዲቆጥብ ማለስለሻ ኬሚካል አለበት፣ ለመኪና ጥሩ ነው፣ እዚህ ግን መያያዝ ያለባቸውን ዲስኮች ያንሸራትታቸዋል። ስትገዙ የጠርሙሱን ጀርባ እዩት፣ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) ሚለውን ፈልጉ፣ ዘይት ውስጥ ለሚሰራ ፍሪሲዮን ይሆናል ማለት ነው፣ ጃሶ ኤምቢ (JASO MB) ከሆነ ለኛ አይሆንም፣ እሱ ፍሪሲዮናቸው ደረቅ ለሆነ ስኩተሮች ነው።

ዘይቱ ተቀይሮም ሙሉ በሙሉ ስላልዳነች ተከፈተች። ይሄን ቆሜ አይቻለሁ። ሸራዎቹን (ሸራ የተለጠፈባቸውን የፍሪሲዮን ዲስኮች) አንድ በአንድ በካሊፐር ለኩ፣ አዲሱ 3 ሚሜ ነው የኔዎቹ 2.6 ምናምን ደርሰዋል፣ ሽታቸው ራሱ የተቃጠለ ነገር። ብረት ዲስኮቹን ደሞ የመስኮት መስታወት ላይ እያስቀመጡ ጠርዙን በጣት ይጫኑታል፣ ሁለቱ ቸክ ቸክ አሉ፣ ተጣመዋል ማለት ነው፣ መሃላቸው ሰማያዊ ሆኗል ከሙቀት። ሞላዎቹን ከአዲስ ሞላ ጎን ሲያቆሟቸው አጭር ሆነው ታዩኝ። ዲስኮቹ ሚቀመጡበት ቤት ጥርሱ ላይ ትንሽ ተበልቶ ነበር፣ እሱን በሞረድ አስተካከሉት፣ ቀይር አላሉኝም። እቃው ከመርካቶ በአውቶብስ መጣ፣ ኦርጅናል አይደለም፣ ግን ሸራው እኩል የተለጠፈ ነው። አዲሶቹን ሸራዎች አንድ ሌሊት ዘይት ውስጥ ነክረው አሳደሯቸው፣ ደረቁን ከተገጠመ ገና ሲነሳ ይቃጠላል አሉኝ። የሞላዎቹን ቡሎኖች በመስቀል ቅርጽ ትንሽ ትንሽ እያሉ ነው ያሰሯቸው፣ ያለ ኃይል።

ሌላ ደስ ያለኝ፣ ዲቲ ላይ የ2ቲ ዘይት ፓምፑ የፍሪሲዮኑ ክዳን ላይ ነው ያለው፣ እሱ ሲፈታ ቱቦው አየር ይይዛል፣ አየሩ ሳይወጣ ከተነዳ ፒስቶን ዘይት አጥቶ ሲሊንደሩ ውስጥ ይነክሳል። እሳቸው አየሩን አውጥተውም አላመኑትም፣ ለመጀመሪያው ነዳጅ ቤንዚኑ ውስጥ ራሱ 2ቲ ቀላቀሉልኝ። ከሰፈሬ አንድ ልጅ ሌላ ቦታ አሰርቶ በዚህ ምክንያት ሲሊንደሩን ጨርሷል።

አሁን ቅሬታዬ። ነገ ውሰዳት ብለውኝ 4 ቀን ፈጀ፣ አራቱንም ቀን በሚኒባስ። ጓርኒሲዮኑን (ዘይት እንዳያፈስ ክዳኑ ስር ሚገባውን) ከካርቶን መሳይ ወረቀት በመቀስ ቆርጠው ነው የሰሩት፣ በሁለተኛው ቀን ከስር ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ፣ መልሼ ስወስዳት ሳይነጫነጩ በነፃ ቀየሩት ግን መጀመሪያውኑ ከእቃው ጋር እዘዝ ቢሉኝ ምን ነበረበት። ደረሰኝ ሚባል ነገር የለም፣ ለመስሪያ ቤት ሞተር ከሆነ አይሆናችሁም። የእጅ 1200 ብር ከፈልኩ፣ ለዛ ሁሉ ልፋት አይበዛም።

ከ10 8 ሰጥቻለሁ፣ ሁለቱ የቀነሱት ለሚኒባሱ ነው። ቦታውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ እነግራቹሃለሁ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ሂዱ፣ ከምሳ በኋላ ቡናቸው ላይ ናቸው፣ ሞተራችሁን ቀና ብለውም አያዩዋት።