ሴፕቲክ ታንክ ልታሠሩ ያሰባችሁ የኮምቦልቻ ዙሪያ ሰዎች፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወገኖቼ፣ "ክረምት ሳይገባ እንጨርስላችሁ" እያሉ በኮምቦልቻ ዙሪያ ገጠሩን የሚዞሩ ሠራተኞች አሉ። ዋጋቸው ከሌላው ቅናሽ ነው። ባለ ሁለት ክፍል ሴፕቲክ ታንክ ከነማስረጊያው (ውኃው ወደ አፈር ከሚሰርግበት ጉድጓድ ጋር) በአንድ ሳምንት እንሠራለን፣ ዕድሜ ልክ ማስመጠጥ አያስፈልገውም ይላሉ። እባካችሁ አትቸኩሉ። የቤተሰቤን ገንዘብ የበሉት እንዲህ ብለው ነው።

የሆነው ካሉ ወረዳ፣ አባቴ ቤት ነው። አሮጌው ሽንት ቤት ስለሞላ ለእሱና ለእናቴ የሚመች ሽንት ቤትና ሻወር ቤት ውስጥ አሠራንላቸው። የፍሳሽ መስመር እዚያ የለም፤ ታንክ ግድ ነው። ሰውየው መጣ፣ ሜትር ዘረጋ፣ "አብሽሩ፣ እኔ አለሁ" አለ። 70 በመቶ ቀብድ ወሰደ። ቁፋሮውም ግንቡም ቶሎ አለቀ። ሶሌታውን፣ ማለትም ታንኩን ከላይ የሚከድነውን ኮንክሪት፣ የሞሉት አባቴ ሰደቃ በሄደበት ቀን ነው። ሲመለስ ሁሉም ነገር ተከድኗል፤ ቀሪውን ሒሳብ ተቀብለው ሄዱ።

በጋውን ደህና ነበር። ሐምሌ ላይ የሻወሩ ውኃ አልወርድ አለ። ቀጥሎ ሽንት ቤቱ ወደ ላይ መመለስ ጀመረ፤ ግቢው ሸተተ። አስመጥጠን፣ ሌላ ግንበኛ ጠርተን በባትሪ አየነው። መሃል ላይ ግድግዳ የለም፣ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ብሎኬቱ የተለሰነው ከላይ ሁለት ረድፍ ያህል ነው፤ ክዳኑን ከፍቶ ለሚያይ ሰው የሚታየው ቦታ ብቻ ማለት ነው። ከዚያ በታች እርቃኑን ነው። ወለሉ ኮንክሪት ሳይሆን አፈር። መውጫው ቱቦ ከመግቢያው እኩል ተገጥሟል፣ መውጫው ላይ ቲ (በ"T" ቅርጽ የተሠራ የቱቦ መገጣጠሚያ) የለም። ማስረጊያ የተባለውም ድንጋይ የተሞላ፣ ከወገብ የማያልፍ ጉድጓድ ነው።

ታንክ የሚሠራው ደረቁን ለማስቀረት ነው። ደረቁ ከታች ይዘቅጣል፣ ቅባቱና አረፋው ከላይ ይንሳፈፋል፣ መሃል ያለው ውኃ ብቻ ወደ ሁለተኛው ክፍል አልፎ ወደ ማስረጊያው ይሄዳል። የመጀመሪያው ክፍል ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛውን ያህል መያዝ አለበት። ቲው አረፋው አብሮ እንዳይወጣ ይከለክላል። ይህ ሁሉ ከሌለ ደረቁ ራሱ ማስረጊያው ገብቶ አፈሩን ይደፍነዋል።

አይመጠጥም ማለታቸውም ውሸት ነው። ባክቴሪያ ዝቃጩን ይቀንሰዋል እንጂ አይጨርሰውም። እንደ ቤተሰቡ ብዛትና እንደ ታንኩ ስፋት በየሁለት እስከ አምስት ዓመቱ መመጠጥ አለበት። ወለሉ አፈር የሆነ ጉድጓድ ቶሎ የማይሞላው ወደ መሬት ስለሚያሾልክ ነው። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ከታች በኩል ጎረቤታችን ውኃ የሚቀዱበት ጉድጓድ አለ፤ ሕፃናት ይጠጡታል። ማስረጊያ ከመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ ነው የሚባለው። የእኛ የዚያን ግማሽ እንኳ አይርቅም። አሁን ጎረቤቶቻችን ለመጠጥ ከቦኖ እየቀዱ ነው።

ስንደውልለት "የአፈሩ ጠባይ ነው እንጂ ሥራዬ ምንም አይወጣለትም" አለ። አፈሩ እውነትም ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል፣ ውኃም አያሳልፍም። ታዲያ ይህን ማወቅ ያለበት የሚቆፍረው ሰው አይደል? ማስረጊያው በሚሆንበት ቦታ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ ሞልቶ ማሳደር፣ በማግስቱ እንደገና ሞልቶ በሰዓት ምን ያህል እንደሚወርድ መለካት ነው። በተሰነጠቀ ደረቅ ዋልካ ላይማ የመጀመሪያው ባልዲ ሁሌም ይሰርጋል። ወንዝ ዳር፣ ለምሳሌ ቦርከና አጠገብ ያላችሁ ደግሞ በክረምት የመሬት ውስጥ ውኃው እስከ የት እንደሚወጣ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 መሠረት የሥራ ተቋራጭ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥንካሬ ዋስ ነው፤ በአፈሩ ጠባይ ለሚደርስ ጉዳትም ጭምር። ውሉ ላይ "አይመለከተኝም" ብሎ ቢያስፈርማችሁ እንኳ አይጸናም። ግን የጽሑፍ ውልና ደረሰኝ ከሌለ ማንን ይዛችሁ ትከሳላችሁ? ስፋቱ፣ ጥልቀቱ፣ የክፍሉ ብዛትና የወለሉ ኮንክሪት ሳይቀር ይጻፍ።

ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት አዲሱን ታንክ ውስጡን እዩ፣ ፎቶ አንሱ። ከዚያ በውኃ ይሞላ። ብሎኬቱ መጀመሪያ ትንሽ ስለሚጠጣ አንድ ቀን አሳድራችሁ ጨምሩበት፣ ከፍታውን ምልክት አድርጉ፣ በማግስቱ ተመልከቱት። ከወረደ ያፈሳል ማለት ነው። ቦቴ ውኃ ማስመጣት ወጪ ነው፣ አውቃለሁ፤ ታንክ ሁለቴ ማሠራት ግን ከዚያ በጣም ይበልጣል። ቀሪው ሒሳብ ከዚህ በኋላ ይከፈል። በዚህ የማይስማማ ሠራተኛ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። አገልግሎት የጀመረ ታንክ ውስጥ ማንም እንዳይገባ። ሰውየው ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አንድ ጎረምሳ ልኮ በገመድ ሊያስወርደው ነበር፤ አባቴ ከለከለ። ውስጡ ያለው ጋዝ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል፣ ሊያወጣው ተከትሎ የገባውንም ይገድላል።

ሰዎቹ አሁን በሐርቡ መንገድ በኩል ሥራ ይዘዋል ብለውኛል። እዚያ ዘመድ ያላችሁ ዛሬውኑ ደውሉላቸው። ሶሌታው ካልተሞላ ገና ጊዜ አለ።