ወጥመድ ከውጭ ይምጣ ወይስ በሃይላንድ ይሠራ? የብሪስል ዎርም ማጥመጃ ግምገማ

ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ጨዋማ ገንዳ አቁሞ ኮራል የሚያሳድግ ሰው፣ ይዋል ይደር እንጂ ማታ ባትሪ ሲያበራ ከድንጋዩ ሥር የሚሳብ ባለ ጠጉር ትል ማየቱ አይቀርም። ይህ ብሪስል ዎርም የሚባለው ትል ከሕያው ድንጋይ፣ ማለትም ከባሕር ወጥቶ ጥቃቅን ፍጥረታት ከሚኖሩበት ድንጋይ ጋር ተደብቆ ነው የሚገባው። ያየ ሁሉ ይደነግጥና ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ፈልጎ ወጥመድ ያስመጣል። እዚህ የምንመዝነው የተለመደውን ዓይነት ነው፦ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይረዝም ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ፣ በሁለቱም ጫፍ ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈት ክዳን፣ መሃሉ ላይ የማባበያ ማስቀመጫ።

ወጥመዱ አንድ ያጠራጠራችሁን ትል ይዞ ለማየት ጥሩ ነው። ቁጥር ለመቀነስ ግን አይረባም፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ የሚገዛው ለዚሁ ነው። የትሉን ብዛት የሚወስነው ለዓሣ የሚጣለው ምግብ ትርፍ ነው። ምግቡ እስካለ ድረስ የወጣውን ያህል ተራብቶ ይተካል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ማባበያው ከሽምብራ ፍሬ የማይበልጥ ጥሬ ዓሣ ይሁን። ከጣና አሥጋሪዎች ከሚገኘው ውስጥ ቆሮሶ ከአምባዛ ይሻላል፤ አምባዛ ስቡ በዝቶ ውሃው ላይ ቅባት ያሰፍራል። ወጥመዱን ከማስቀመጣችሁ በፊት ውሃ ውስጥ አዘንብላችሁ አየሩን አስወጡ፣ አለበለዚያ ይንሳፈፋል። የገንዳው መብራት ከጠፋ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከድንጋዩ ሥር፣ መግቢያው አሸዋውን እስኪነካ አስተኙት። ማታ 4 ሰዓት ከገባ ንጋት 11 ሰዓት ላይ መውጣት አለበት። የጠዋቱ ብርሃን ከመጣ ትሎቹ መውጫ ይፈልጋሉ፣ ማባበያውም መሽተት ይጀምራል።

ችግሩ ክዳኑ ላይ ነው። ጥብቅ ከሆነ ትንንሾቹ ትሎች ገፍተው አይገቡም፤ ከላላ ደግሞ የገባው ተመልሶ ይወጣል። ወፍራሙ ትል፣ ማለትም የሚፈለገው፣ በቀዳዳው አይበቃም። ክዳኑ በብረት ሞላ የሚሠራውን ዓይነት ጭራሽ አትግዙ፤ ጨው ውሃ ውስጥ ይዝጋል፣ ብረቱ ውስጥ መዳብ ካለበት ደግሞ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይገድላል። ቀንድ አውጣዎቹ ራሳቸውም ማባበያውን ሽተው ከትሉ ቀድመው ስለሚገቡ ጠዋት የሚገኘው ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

ይህን ሁሉ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ መሥራት ይቻላል። ወረቀቱን ልጣችሁ ያለ ሳሙና በሙቅ ውሃ እጠቡት። በጋለ ምስማር ጎኑ ላይ ከታች በኩል 3 ወይም 4 ቀዳዳ አውጡ፣ በየቀዳዳው 4 ሳንቲ ሜትር የተቆረጠ የለስላሳ መምጠጫ አስገቡ። መምጠጫው ከግማሽ በላይ ወደ ውስጥ ይግባና ጫፉ ግድግዳውንም ወለሉንም ሳይነካ ይንጠልጠል፤ ትሉ ግድግዳ ይዞ ስለሚሄድ መውጫውን የሚስተው በዚህ ነው። አንዱን ቀዳዳ ለትልቁ ትል አስፉት፤ የተገዛው ወጥመድ ይህን አይችልም። ክብደት እንዲሆነው ንጹሕ ጠጠር ጨምሩ። ሠርቶ ለመጨረስ ቡና እስኪፈላ ድረስ ይበቃል።

የተያዘውን ትል በደንብ እዩት። ሮዝ ወይም ብርቱካንማ፣ ቀጭንና ጎኑ ላይ ነጭ ጠጉር ያለው ከሆነ የገንዳው ጠራጊ ነውና መልሱት። የሚያስፈራው ሄርሞዲስ ካሩንኩላታ፣ እሳት ትል የሚባለው ነው፦ ወፍራም፣ ጠጉሩ በነጭ ጉንጉን የቆመ፣ ከጠጉሩ ሥር ቀያይ የመተንፈሻ ጭራሮ፣ ራሱ ላይ ሥጋማ እብጠት ያለው። እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፣ ኮራልም ይበላል። ዋና መኖሪያው አትላንቲክና ሜዲትራኒያን ስለሆነ ድንጋያችሁ ከየት እንደመጣ ሻጩን ጠይቁ። የሞተ ኮራል ላይ ጠዋት የተገኘ ትል ሁሉ ገዳይ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ የሞተውን ሊበላ የመጣ ነው።

በመቀስ መቁረጥ ፋይዳ የለውም፤ ከተለመዱት ዝርያዎች አንዳንዱ ከቁራጩ እንደገና ያድጋል። በባዶ እጅም አትንኩ። ጠጉሩ ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፤ ካሹት ይብሳል። ስኮች ለጥፎ መንቀል፣ ትልልቁን በወረንጦ፣ የቀረውን አቼቶ በነካ ጥጥ መያዝ ነው፤ ጠጉሩ የኖራ ዓይነት ስለሆነ አቼቶ ያሟሟዋል። እብጠቱ ከተስፋፋ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ጤና ጣቢያ።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ያነሰ ነው፤ ውሃውም የሚይዘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሌሊት ኮራሉም አልጌውም ኦክስጅን ይበላሉ። ወጥመድ ተጥሎ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ፣ በባትሪ የሚሠራውን የአየር ፓምፕ ከማብራታችሁ በፊት ወጥመዱን አውጡ፤ ታፍነው የሞቱ ትሎች መርዛማውን አሞኒያ ያንሩታል። አሞኒያ ሲነሳ ደግሞ ውሃ መቀየር ነው፤ ለ100 ሊትር ገንዳ 10 በመቶ ብቻ መቀየር ከ350 እስከ 380 ግራም የአኳሪየም ጨው ይበላል። ያን ጨው አሞሌም የገበታ ጨውም አይተካውም። እዚህ የሚያገኙት ጨው ውድ ስለሆነ ትርፍራፊ የሚያነሳ ትል ማጥፋት ኪሳራ ነው።

እውነተኛው መቀነሻ ዓሣዎቹ በ2 ደቂቃ የሚጨርሱትን ብቻ መስጠት፣ በረዶ የሆነውን ምግብ አሟሙቶ በወንፊት ማጠብ፣ በሳምንት አንዴ ከድንጋዩ ኋላ ያለውን ደለል በትልቅ ስሪንጅ ነፍቶ በቱቦ መሳብ ነው። ለውጡ የሚታየው ግን ከወራት በኋላ ነው።

ለተገዛው ወጥመድ ከ5ቱ 2 እንሰጣለን፣ ለሃይላንዱ 4። አንዱን ያጎደልንበት መምጠጫዎቹ በየጊዜው ስለሚላሉ ነው፤ ዳር ዳሩን ጥቂት ሲልከን ቀብታችሁ 24 ሰዓት ካደረቃችሁት ይይዛል። ሲልከኑ ግን የፀረ ሻጋታ መድኃኒት ያልገባበት መሆን አለበት፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው አብዛኛው ያለበት ነውና ጽሑፉን ሳታነቡ አትግዙ።