ባለ 8 ቢት ስኮፕ ወይስ ባለ 12 ቢት? ለጥገና ቤት የቱ ይሻላል

ቸርችል ጎዳና አካባቢ ጥገና ስለምሰራ ስኮፕ (ኦሲሎስኮፕ፣ ቮልቴጅ ሲለዋወጥ በስክሪን ላይ በመስመር የሚያሳይ መሳሪያ) ሊገዛ ያሰበ ልጅ ሁሉ እየመጣ "ሪጎል 1054ዜድ ልግዛ ወይስ ዲኤችኦ804?" ይለኛል፣ ሁለቱንም ሰርቼባቸዋለሁ፣ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ሁለቱም ባለ አራት ቻናል ናቸው። ባንድዊድዙ (በደንብ የሚያሳየው የሲግናል ፍጥነት ጣሪያ) 1054ዜድ 50 ሜጋኸርዝ ነው፣ 804 ደግሞ 70፣ በአንድ ቻናል 1054ዜድ በሰከንድ 1 ጊጋ ሳምፕል (1 ቢሊዮን ንባብ)፣ 804 ደግሞ 1.25 ጊጋ ይወስዳል፣ አራቱንም ስትከፍቱ ግን ይካፈሉታልና 1054ዜድ ለእያንዳንዱ 250 ሜጋ ይደርሰዋል። ለቲቪ ፓወር ሰፕላይ እሱም ይበቃል።

ልዩነቱ ያለው ኤዲሲው ላይ ነው፣ ቮልቴጁን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ቺፕ ማለቴ ነው። 1054ዜድ 8 ቢት ነው፣ 256 ደረጃ አለው፣ 804 ግን 12 ቢት፣ 4096። ባለፈው የመጣልኝ ቲቪ ይበራና ባክላይቱ ሲነሳ ድርግም ይላል፣ መልቲሜትሩ 12 ቮልቱን ደህና ነው ይለኛል ምክንያቱም በሰከንድ ሁለት ሦስቴ ነው የሚያነበው፣ እሱም አማካዩን። በ1054ዜድ 2 ቮልት በዲቪዥን (የስክሪኑ አንዷ ሳጥን ከፍታ 2 ቮልት) አድርጌ ስይዘው አንዷ ደረጃ ከ60 ሚሊቮልት በላይ ስለሆነች መስመሩ እንደ ወፍራም ክር ሆኖ ዝቅ ሲል ብቻ ነው የሚታየው። በ804 ግን ደረጃዋ ወደ 4 ሚሊቮልት ስለምትወርድ እዛው ምስል ላይ ዙም ሳደርግ ጥቃቅን ጥርሶች መስመሩ ላይ እያደጉ መጥተው ከዛ ቮልቱ ሲወድቅ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ካፓሲተሩ ነበር፣ ቀየርኩት፣ ሰራ።

1054ዜድ ያላችሁ ግን እንዳትሸጡት! ኤሲ ካፕሊንግ (ቋሚውን ቮልት ትቶ መለዋወጡን ብቻ የሚያሳየውን) አድርጋችሁ 20 ሚሊቮልት በዲቪዥን ላይ ብታወርዱት ሪፕሉን፣ ማለትም እነዛን ጥቃቅን ጥርሶች፣ አሳምሮ ያሳያችኋል፣ የምታጡት የቮልቱን መውደቅ አብሮ ማየት ነው። ለቻርጀር፣ ለሪሲቨር፣ ለአምፕሊፋየር በደህና ዋጋ ያገለገለ ካገኛችሁ ውሰዱት። አዲስ ለሚገዛ ግን ያለ ጥርጥር 804 እላለሁ።

"12 ቢት" የሚለውን ብቻ አይታችሁ እንዳትገዙ ደግሞ። ትንሿ ዲኤስኦ138 ኪትም 12 ቢት ናት፣ ግን በሰከንድ 1 ሜጋ ሳምፕል፣ ባንድዊድዟ 200 ኪሎኸርዝ፣ ለመማር ጥሩ ናት እንጂ የፓወር ሰፕላይ ስፓይክ (ለቅጽበት የሚዘል ቮልት) አትይዝም።

804 በዩኤስቢ ሲ 15 ቮልት ስለሚሰራ መብራት ሲጠፋ 15 ቮልት የሚሰጥ ጠንካራ ፓወር ባንክ ያስነሳዋል፣ እኛ ሰፈር ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ያኔ ኧርዝ የለውም፣ ከኋላው ያለችውን የኧርዝ ማሰሪያ እሰሩ። በሁለቱም ቢሆን የፕሮቡን (የመለኪያ ገመዱን) ጥቁር ክሊፕ የሰፕላዩ 220 ቮልት ያለበት ወገን ላይ በፍጹም አታድርጉ፣ ኧርዝ ካለው ይፈነዳል፣ ከሌለው ስኮፑ ራሱ ኮረንት ይዞ ሰው ይገድላል።

ሱቅ ስትሄዱ ብር ሳትከፍሉ ፕሮቡን ፊት ለፊት ያለችው የካሊብሬሽን ጫፍ ላይ ሰክታችሁ 1 ኪሎኸርዝ ስኩዌር ዌቩን በአራቱም ቻናል ተራ በተራ እዩት።