ለስላሳዋ የፋይበርግላስ ዘንግ ከወራት በኋላ፦ ማጠሯ ባይኖር

በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ የሚጠመድበት ዘንግ በተገዛ በሳምንቱ የሚጻፍ ግምገማ ብዙም አያሳምነኝም። ሳር ላይ ቆሞ ገመድ መወርወር ሌላ፣ ሜዳ አቋርጦ ከሚሄድ ጠባብ ጅረት ትራውት የሚባለውን የዱር ዓሣ ማውጣት ሌላ።

የእኔዋ ፋይበርግላስ ናት። ርዝመቷ 2.1 ሜትር፣ ገመዷ ቁጥር 3 (ቁጥሩ የገመዱን ክብደት ይነግራል)። በዚህ አጠማመድ ክብደቱ ያለው ገመዱ ላይ ነው፤ ዝንብ የምንላት ላባ የተጠመጠመባት መንጠቆማ ብቻዋን የትም አትደርስም። የቁጥር 3 ገመድ የፊተኛው 9 ሜትር 6.5 ግራም ገደማ ይመዝናል። ግን ጠባብ ጅረት ላይ 9 ሜትር ማን ይወረውራል? ብዙ ጊዜ ከዘንጉ ጫፍ የሚወጣው ሦስት አራት ሜትር ነው። ግትር የካርቦን ዘንግ ይህን ክብደት ከቁብም አይቆጥረው። ይቺ ግን ትታጠፍለታለች፤ ዝንቧም ውሃው ላይ ቀስ ብላ ታርፋለች። ትዕግስት ትፈልጋለች እንጂ። ገመዱ ወደ ኋላ ተዘርግቶ ሳያልቅ ከቸኮላችሁ ፊታችሁ ይከመራል።

ዓሣው ከተያዘ በኋላም ትጠቅማለች። ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ ጫፉ ላይ የማስረው ክር 0.15 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ትራውቱ ድንገት ሲፈናጠር ዘንጓ አብራው ስለምትጎብጥ ክሩ ይተርፋል። ትግሉ ትንሽ ይረዝማል፣ እውነት ነው። ውሃው 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ ግን መጀመሪያውኑ አላጠምድም፤ ሙቅ ውሃ ኦክስጅን ስለሚያንሰው የደከመ ዓሣ ከተለቀቀ በኋላም ሊሞት ይችላል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። «ለትንሽ ጅረት አጭር ዘንግ» ይባላል። ዛፍና ቁጥቋጦ ለከበበው ጅረት ልክ ነው። ሜዳ ላይ ግን ከላይ የሚይዝ ቅርንጫፍ የለም፤ ያለው ረጅም ሳር ነው። ትራውት ፊቱን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሮ ስለሚቆም የሚቀርቡት ከኋላው፣ ያውም ጎንበስ ብሎ ነው። ኮቴ ከከበደ ንዝረቱ ይደርሰዋል። ስለዚህ ከዳርቻው ራቅ ብዬ እንበረከካለሁ። ያኔ ገመዱ ወደ ኋላ ሲሄድ ሳሩ ይቀበለዋል! ትልልቆቹ ደግሞ የሚደበቁት ውሃው ከሥሩ በቦረቦረው ዳርቻ ነው። በማዶኛው በኩል ከሆኑ መሃል ያለው ፈጣን ውሃ ገመዱን ይዞ ዝንቧን ይጎትታታል፤ ዓሣው እንዲህ የምትሮጥ ዝንብ አይነካም። ረጅም ዘንግ ቢሆን ገመዱን ከወራጁ በላይ አንጠልጥሎ ይይዘው ነበር።

ንፋስም አትችልም። በተለይ የፌንጣ ወቅት ያበሽቃል። ፌንጣውን ውሃ ውስጥ የሚጥለው ንፋሱ ነው፣ ትራውቱም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው፤ እሷ ደግሞ በዚያው ንፋስ ትልቁን ሰው ሠራሽ ፌንጣ መግፋት ያቅታታል።

ጥንካሬዋ ላይ ቅሬታ የለኝም። ድንጋይ ነክቷት ምንም አልሆነችም። መጋጠሚያዋ ላላ ሲል ሻማ ቀባሁት፣ ያዘ። የቡሽ እጀታዋ ጠቁሯል፤ በሳሙና ይለቃል፣ እኔ ግን ትቼዋለሁ።

ጅረታችሁ በዛፍ የተሸፈነ ከሆነ እንዳለች ግዟት። ሜዳ ላይ ለምታጠምዱ ግን ያው ፋይበርግላስ፣ ያው ቁጥር 3፣ በ2.4 ሜትር ይሻላል። እኔም ቀጥሎ የምገዛው እሱን ነው።