የኢሜይል ማጣሪያችንን ላስተካከለችልን እህታችን ምስጋና፣ ለባሕር ዳር ድርጅቶችም ጥቆማ

በጣና ዳር የጀልባ ጉዞና የእንግዳ ማረፊያ አገልግሎት ለምንሰጥ ሰዎች፣ የአንድ እንግዳ ኢሜይል ጠፋ ማለት የጀልባ ነጂውም፣ የአስጎብኚውም፣ የወጥ ቤት ሠራተኛዋም የዕለት ገቢ ቀረ ማለት ነው። ለጥምቀት ሰሞን ማረፊያ የጠየቁ ደንበኞች ‹‹ጽፈን መልስ አጣን›› እያሉ በስልክ ሲወቅሱን፣ የሐሰት ደረሰኝ አባሪ የተደረገባቸው መልእክቶች ግን ያለ ከልካይ ወደ ሒሳብ ክፍላችን ይገቡ ነበር። ይህን ችግር ከሥሩ የፈታችልንን እህታችንን በአደባባይ ማመስገን ይገባናል።

ከእርሷ በፊት ሰርቨራችንን ያዩልን ባለሙያዎች የእንግዳ ደብዳቤ ሲጠፋ የማጣሪያውን ገደብ ከፍ፣ ቆሻሻው ሲበዛ ደግሞ ዝቅ ከማድረግ አላለፉም። እርሷ ግን ስፓምአሳሲን የተባለው ማጣሪያችን ከመነሻው ይዞት የሚመጣውን የ5 ነጥብ ገደብ (ይህን ያህል ነጥብ የደረሰ መልእክት እንደ ስፓም፣ ማለትም እንደ ቆሻሻ መልእክት፣ ይቆጠራል) ሳትነካ፣ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስድ ጀልባ የጠየቀ የአንድ እንግዳ ደብዳቤ ከስፓም ማኅደር አውጥታ ሔደሩን (የመልእክቱን አመጣጥና ማጣሪያው የሰጠውን ነጥብ የሚያሳየውን የራስጌ ክፍል) ከፈተች፤ እያንዳንዱ ነጥብ ከየት እንደመጣም በመስመር በመስመሩ አስረዳችን። ሰርቨራችን የስፓም ላኪዎችን ጥቁር መዝገብ የሚጠይቀው ለሁሉም ክፍት በሆነ የዲኤንኤስ (የኢንተርኔት ስሞችን ወደ አድራሻ ቁጥር የሚተረጉም) አገልግሎት በኩል ነበር። እንደ ስፓምሃውስ ያሉ መዝገቦች በዚያ መንገድ ለሚመጣ ጥያቄ የሚመልሱት የስሕተት ኮድ ነው፤ የእኛ ማጣሪያ ደግሞ ኮዱን ‹‹ላኪው በመዝገቡ አለ›› ብሎ ይቆጥረው ስለነበር ንጹሑን ሰው ሁሉ ይቀጣ ኖሯል። አንባውንድ የተባለውን የዲኤንኤስ ፕሮግራም በራሳችን ሰርቨር ላይ ጭና ጥያቄው በቀጥታ እንዲሄድ ስታደርግ፣ የጠፉት ደብዳቤዎች መድረስ ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ የሠራችው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። ማጣሪያው ከምሳሌ የሚማርበት ክፍል ሥራ የሚጀምረው ቢያንስ 200 ስፓምና 200 ጤናማ መልእክት ሲያይ በመሆኑ፣ ከእንግዳ ተቀባዮቻችን ጋር ተቀምጣ የቆዩ ደብዳቤዎችን አንድ በአንድ ለየች። ከአዲስ አበባ አስጎብኚዎች የሚላኩልን የአማርኛ ደብዳቤዎች እንዲካተቱ አጥብቃ ያሳሰበችውም እርሷ ናት፤ በእንግሊዝኛ ብቻ የሠለጠነ ማጣሪያ የእኛን ደንበኛ ሊያውቅ አይችልምና። አጠራጣሪው መልእክት እንዳይሰረዝ፣ በማኅደር ተቀምጦ ጠዋት ጠዋት በሰው ዓይን እንዲታይም አደረገች። ከተጠለፈ እውነተኛ አድራሻ የሚላክ ማታለያ አሁንም አልፎ አልፎ ያልፋል፤ ይህን ማንም ማጣሪያ ሙሉ በሙሉ እንደማይከለክለው አስቀድማ በግልጽ ነግራናለች፤ የሒሳብ ሠራተኞቻችንም ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት ስልክ ደውለው እንዲያረጋግጡ አስለምዳለች።

በባሕር ዳርም ሆነ በዘጌና በጎርጎራ የራሳችሁን የኢሜይል ሰርቨር የምታስተዳድሩ ሆቴሎች፣ ማኅበራትና ትምህርት ቤቶች ብታሠሯት እንደማትቆጩ እርግጠኛ ነኝ። የሠራችውን ሁሉ በአማርኛ ጽፋ ስለምታስረክብ፣ ነገ ሌላ ባለሙያ ቢመጣ እንኳ ከምን እንደሚነሣ ያውቃል። በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ፣ እርሷን አስፈቅጄ ስልኳን እሰጣለሁ።